የራብዕ ቁልፍ

ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ቢቸና፣
አንድ ጠረጴዛ አለኝ፣ በአንድ እግሩ የሚያዘና።
«ማመልከቻ እንጽፋለን» ይላል ማስታወቂያዬ፣
ቀለሙን ዝናብ ልጦት፣ ያው እንደ ገበያዬ።
ሰሌዳው አርጅቷል፣ ፊደሉ ከቁልፉ ጠፍቷል፤
ጣቴ ግን የየአንዱን ሰፈር በጨለማም ያውቃል።

ባለፈው ክረምት ነው፤ መብራት ሲመጣ፣ ሲሄድ፣
ጌትሰው የሚሉት ልጅ፣ ስልክ ጠጋኝ፣ ወሬ የማይወድ፣
አንድ ነገር ጫነልኝ ከፍላሽ ገልብጦ፣
በያንዳንዱ ቁልፍ ሥር አንዳንድ ድምፅ አስቀምጦ።
ከዚያ ወዲህ፣ ባለጉዳይ በማይመጣበት ሰዓት፣
ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ወይ በየወሩ በዓላት፣
ጣቴን አስለምደዋለሁ፤ ከታች ረድፍ ትዝታ፣
ከመካከል አንቺ ሆዬ፣ ባቲ ከላይ ቦታ።
ዝናቡ ቆርቆሮውን እየመታ፣ እኔ ከሥር እየመታሁ፣
አንዳንዴም ሳልጠራው ገብቶ ሲያጅበኝ ሰማሁ።

ግን አንድ ነገር አለ። ዜማው ሲያምር ጽሑፉ ያብዳል፤
«ሸከለፈ ነነ ጀመ» እያለ በመስኮቱ ይወርዳል።
ጽሑፉ ሲያምር ደግሞ፣ «ለክቡር ፍርድ ቤቱ» ሲል፣
ዜማው ጠጥቶ እንደመጣ ሰው ይሰነካከላል።
ቅኔ ቤት ሁለት ክረምት ብቻ ነው የቆየሁት፣
ሰሙን ሳልጨርስ፣ ወርቁንም ሳልደርስበት፤
እናም እስከ ዛሬ አልገባኝም፣ የቱ ሰም፣ የቱ ወርቅ ነው?
የሚነበበው ነው ወይስ የሚሰማው?

ማክሰኞ ዕለት ስንሻው መጣ፣
ለአምስተኛ ጊዜ፣ ከነጭቃው፣ ከነቁጣ።
ጫማውን ከደጅ ጠርጎ፣ ዱላውን ግድግዳ አስደግፎ፣
«ጻፍ» አለኝ፤ ነገሩን በጉንጩ ሙሉ አቅፎ።
ስለ ድንበር ነው ክርክሩ፤ ሁለት ክንድ ስለማትሞላ መሬት፣
ጤፍም ሳርም የማታበቅል፣ ድንጋይ የወረሳት።
ተከሳሹም ወንድሙ፣ የእናቱ ልጅ፣ እንዳላማው፤
ስሙ ሰባት ቦታ ይገባል፣ ሥርዓቱ እንዲያ ነው።

ድምፁን መዝጋት ረስቼ መጻፍ ጀመርሁ፤
ሰውየው ድንገት ዝም ሲል ቀና ብዬ አየሁ።
ዳ፣ ላ፣ ማ ሦስቱም ራብዕ ናቸው፤ ከየአንዱ ኋላ
አንዲት ቁልፍ ትጠራለች፣ ያለሷ ስሙ አይሞላ፤
ሰው ሰውን ሲጣራ፣ ከወንዝ ወዲያ ማዶ፣
የሚያረዝማት ድምፅ ናት፣ ገደሉን አሻግሮ ሰዶ።

«ቆይ» አለኝ። «ያን ነገር እስቲ መልሰህ ምታው።»
«የቱን?» አልሁት። «ያን... የሱን። እንዳላማው።»
መታሁት። ደግሞ መታሁት።
ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።
«ወንዝ ሞልቶ ማዶ ስንቀር፣ እንዲህ ትጣራ ነበር እናታችን፤
የምትጠራው የሱን ስም ብቻ፣ የምንመልስ ግን ሁለታችን።»

ከዚያ ሌላ አልተናገረም። ጉሮሮውን ጠራርጎ ተቀመጠ።
ማተሚያው ሦስቱን ገጽ እያቃሰተ ሰጠ።
ቴምብር የት ይሸጣል አላለኝም፤ ሒሳቡን ቆጥሮ፣
ወረቀቱን ለአራት አጥፎ ከኮቱ ኪስ ቀብሮ፣
ወጣ። ወደ ችሎቱ ይሁን ወደ ቤቱ፣ አላየሁም፤
ዝናቡ ጀምሮ ነበር፤ ተከትዬም አልጠየቅሁም።
ዱላው ግን እስከ ዛሬ ግድግዳዬን ተደግፏል፤
አንድ ቀን ይመጣበታል፣ ወይ ሌላ ቆርጧል።

ጌትሰው «ዝጋው፣ ሰው ይስቅብሃል» ቢለኝም ትቼዋለሁ፤
ክስ ስጽፍ፣ ውል ስጽፍ፣ ውክልና ስጽፍ እሰማለሁ።
ብቻ የራብዕ ቁልፍ ዘንድሮ ላልታለች፤
አንዳንዴ ሁለቴ ትጮሃለች፣ አንዳንዴ ዝም ትላለች።
ዝም ስትል ስሙ ሁሉ ሳድስ ይሆናል፣ አፉን ይዘጋል፤
«እንድልምው»። እንዲህ ብሎ ማን ማንን ይጠራል?
ስለዚህ ደግሜ እጫናታለሁ፣ እስክትመልስልኝ፣
ባለጉዳይ ከኋላዬ ቆሞ «ቶሎ በል» እያለኝ።